እማዬን «ተኚ» አትበላት

ለወንድሜ ለዘካርያስ፦

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛላችሁ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ያ የወገብህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ኤልሳቤት እንዴት ናት? ያኤልስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? የሐዋሳ ዝናብ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ የጓሮው አጥር አሳሰበኝ። እኛ ጌታ ይመስገን፣ የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ አጥንት ድረስ ቢገባም በሕይወት አለን።

በየቀኑ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኬ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ድምፅህን የላክህ እንደሆነ እማዬ «ጮክ አድርገሽ ክፈችልኝ» ትላለች። ይህን ደግሞ እንድትሰማው አልፈልግም። እትዬ አስካለ ነገ ወደ ሐዋሳ ስለሚመለሱ በእጃቸው ልኬልሃለሁ። ተቀምጠህ አንብበው፤ ተናድጃለሁና።

እማዬ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ የእግሯ እብጠት ጎድሏል። ትራሷን ከፍ አድርጋም ቢሆን እንቅልፍ ይወስዳታል። ኪኒኗን አታጓድልም፤ ጨው የሌለውን ወጥ እያማችውም ቢሆን ትበላለች። ያስቸገረችኝ በአንድ ነገር ነው። ሐኪሟ ዶክተር ራጃ ስንወጣ አጥብቆ የነገረን፣ ከእንግዲህ መተኛት ብቻውን እንደማይበጃት፣ ጉልበቷ በሟሸሸ ቁጥር ለልቧ የባሰ ሸክም እንደሚሆን ነበር። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትራመድ፣ ሲደክማት አረፍ ትበል፣ ደረቷን ካመማት ወይም ካዞራት ወዲያው ታቁም አለ። «ፖሌ ፖሌ» አላት፣ ቀስ በቀስ ለማለት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ቤት ስንገባ ግን «የበሽታው ስም የልብ ድካም ነው አላላችሁኝም? የደከመ ነገር ያርፋል እንጂ ይሄዳል እንዴ?» ብላኝ አልጋዋ ላይ ወጣች።

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ የእግር ጉዞ ጫማ ገዛሁላት። ከሥራዬ ከጊጊሪ እስከ ቤታችን ኪሊማኒ በመኪና መጨናነቅ ተንገላትቼ ስገባ «ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልኩ» ትለኛለች። ጫማውን ገልብጬ ሳየው ሶሉ ከሱቅ እንደወጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሊጠይቋት ይመጣሉ። ይጸልዩላታል፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን ውኃ ልትቀዳ እንኳ ብድግ ስትል «ኧረ እማማ ሙሉሸዋ፣ በሞቴ» እያሉ መልሰው ያስቀምጧታል።

ከሁሉም የባስከው ግን አንተ ነህ። በደወልክ ቁጥር «እማዬ፣ ስንት ዘመን ለፍተሽልናል፤ አሁን ተኝተሽ እረፊ፣ ፀደንያ አታስቸግርሽ» ትላታለህ። እሷ ቃልህን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዛ ትጠብቀኛለች። አዛኙ አንተ ሆንክ፣ ጨካኟ እኔ ሆንኩ።

ባለፈው ወር ትዕግሥቴ አለቀ። «ሰው እያወቀ አልጋ ላይ ይበሰብሳል?» ብዬ ጮኽኩባት። አፌን በቆረጠው። እሷም «አባትሽ እኮ እጄ ላይ ነው የወደቀው» አለችኝ።

አስበው ዘካርያስ። ያን ጊዜ አንተም በሥራ ርቀህ ነበር፣ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ልቡን ታሞ እንደሞተ እንጂ እንዴት እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም። ከአምልኮ ሲመለሱ፣ ከቤታችን በታች ያለችውን ዳገት እየወጡ ሳለ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ክንዷን እንደያዘ ነው የቀረው። «እኔስ በሰው አገር መንገድ ላይ ብወድቅ፣ ስሜን ማን ያውቀዋል?» አለችኝ። ስንፍና ያልኩት ነገር ፍርሃት ኖሯል።

ይህንኑ ለዶክተር ራጃ ነገርኩት። መፍራቷ እውነት አለው ብሎ፣ እንደ እሷ ልባቸውን የታመሙ አረጋውያን ነርስ እየተከታተለቻቸው እንቅስቃሴ ወደሚሠሩበት ክፍል ላካት። እየተነጫነጨች ሄደች። እዚያ ሙርሺዳ የምትባል የሞምባሳ ሴት አገኘች። ዕድሜያቸውም በሽታቸውም አንድ ነው፤ ቋንቋቸው ብቻ አይገናኝም። እማዬ ከወንበሯ አልነሣም ስትል ሙርሺዳ እጇን ያዘችና «ትዌንዴ፣ ሙሉ» አለቻት፤ እንሂድ ማለት ነው። እኔ ለምኜ ያቃተኝ ሰው ተነሣ።

ጥቂት እንደተራመዱ ትንፋሽ አጠራት። ፊቷ አመድ መሰለ። ነርሷ አስቀምጣት የልቧን ምት እያየች ጠበቀች። ቆይታ ቆይታ እማዬ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቀና አለችና «ተመለሰ» አለችኝ። «ትንፋሼ ተመለሰ፣ ፀዱ።» ከአባባ ወዲህ፣ ያጠረ ትንፋሽ መልሶ እንደሚመጣ የሚያሳያት አላገኘችም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በራሷ ጊዜ ግቢያችንን መዞር ጀመረች። ከጥበቃው ጋር በስዋሂሊ ሰላምታ ትለዋወጣለች። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ባለፈው እሑድ አንተ ደወልክ። ግቢውን እንደምትዞር በኩራት ብትነግርህ «ኧረ እማዬ፣ እንደ አባባ ልትሆኚብን ነው?» አልካት። ሳታውቅ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስልኩን ዘግታ ተኛች፤ እስከ ሐሙስም አልተነሣች። ከዚያ ሙርሺዳ ደወለችላት። አንዷ በስዋሂሊ፣ አንዷ በአማርኛ ምን እንደተባባሉ እንጃ፤ ብቻ እማዬ ነጠላዋን ፈለገች።

እባክህ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ስትደውል «ተኚ» አትበላት። «ዛሬ የት ደረስሽ?» በላት። እንደምትወዳት አውቃለሁ፤ ነገር ግን በፍቅር ብዛት አልጋ ላይ እየቀበርናት ነው። እኔ ከምጮህባት አንተ አንድ ጊዜ ብታበረታታት ይበልጣል፤ ይህን ስጽፍልህ ቅናቴን ውጬ ነው።

ለኤልሳቤት የእህትነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችው በርበሬ ደርሶናል። ያኤልን ጉንጯን ሳምልኝ። ለጋሽ ካሣሁንም ከነቤታቸው ሰላም በልልኝ፤ ስለ እማዬ መጸለያቸውን እንዳይተዉ። እማዬም ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። እትዬ አስካለ ወረቀት ሊያደርሱልኝ እንደሆነ ስነግራት «አርፌ ተኝቻለሁ ብለሽ ጻፊለት፤ ልጄ እንዳይሰጋ» አለችኝና ከሙርሺዳ ጋር ወጣች። ይኸው፣ እንዳለችኝ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ፀደንያ
ኪሊማኒ፣ ናይሮቢ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.