አባቴ በአካል ይቅረብ ስለተባለው ጉዳይ

ለክቡር የንግድ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (ማለትም ስብሰባ ላይ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ለሚጎዳው ወገብዎ፣ እንዲሁም ከውስጥ ለሚቆለፈው የቢሮዎ በር ፍጹም ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ በገበያ አዳራሹ ደረጃ ሥር፣ ወጪ ወራጁ የጫማውን አቧራ በሚያራግፍብኝ ጥግ፣ ጃንጥላ የምጠግን ሴት ነኝ። ጥጉም ሙያውም የአባቴ ነበር። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል አረፈ፤ በዚያ ሰዓት መሞቱ ራሱ ደንበኞቹን ሳያስቀይም አልቀረም። እኔም እንደ ደንቡ ፈቃዱን በስሜ ላዞር ወደ መሥሪያ ቤትዎ ብቅ አልኩ። ወሩ ሳያልቅ ፈቃድ ካላወጣሁ ጥጉ ለሌላ ስለሚሰጥ፣ ጎረቤቴ የስልክ ሽፋን ሻጩ ከወዲሁ በሜትር መለካት ጀምሮ ነበር። እያዘነ ነው የሚለካው፣ ውሸት አልናገርም።

ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ዝርዝሩ። ቀድሞ የአመልካቹን ሙያ ጸሐፊው እንደሰማው ይጽፈው ነበር አሉ። እርስዎ ተሾሙና ይህን ዝርክርክነት አስቀርተው፣ ፎርሙ ላይ ትንሿን ቀስት ሲነኳት ወደ ታች የሚዘረጋ የሙያ ዝርዝር አስገቡ። ለዝርዝሩም ማንም እንዳይደክም ኮምፒውተሩ ራሱ ከተመዝጋቢዎች ሰንጠረዥ ላይ እየለቀመ፣ እያንዳንዱን ሙያ አንዴ ብቻ፣ ሳይደግም፣ በፊደል ተራ ይደረድረዋል። ከተማው ልብስ ሰፊ በልብስ ሰፊ ቢሆን «ልብስ ሰፊ» የሚታየው አንዴ ነው። እንዴት ያለ ንጽሕና ነው! ከዝርዝሩ ውጭ መጻፍ ደግሞ ክልክል ነው። እንግዲህ ነገሩ በዚህ በደከመ ጭንቅላቴ እንደገባኝ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ለመገኘት አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለመመዝገብ ደግሞ አስቀድሞ ዝርዝሩ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። በዓለም የመጀመሪያው ዳቦ ጋጋሪ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት አመልክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይኸን ጊዜ ሁላችንም ዱቄት እየቃምን ነበር።

2. ዝርዝሩ ያለውን ሁሉ በታማኝነት ስለሚያሳይም አመሰግናለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ ኮምፒውተርም ተጨምሮበታል። በድሮው ጊዜ አንድ የተናደደ ሰውዬ ሙያው ሲጠየቅ የመለሰው መልስ እንዳለ ተጽፎ ኖሮ፣ ከምንጣፍ ሻጭ ከፍ ብሎ «ምን አገባህ» የሚል ሙያ ተቀምጧል። «እንደ ወንድሜ» የሚልም አለ። «መብራት ጠፍቷል» የሚልም አለ፤ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደተጻፈ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። እነዚህ ሁሉ ዛሬ በእርስዎ ማኅተም የታወቁ ሕጋዊ ሙያዎች ናቸው። ጃንጥላ ጠጋኝ ግን የለም። ላይ ታች ብዬ ፈለግኩ፣ መነጽሬን ጠርጌ ፈለግኩ፣ የለም።

3. ምክትልዎ ችግሬን ቆመው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ አዳምጠውኛልና ምስጋናዬ ይድረሳቸው። «የሚቀርብሽን ምረጪ» ብለው ራሳቸው ፈልገው «ድንኳን አከራይ» የሚለውን አገኙልኝ፤ ሁለቱም ከዝናብ ያስጠልላሉ አሉኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ እሺ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪዎ ደረጃው ሥር መጥቶ ድንኳኖቹና መጋዘኑ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ምን ላድርግ? ካለኝ ሁሉ ትልቁን ጃንጥላ ዘረጋሁለት። ወጣቱ ቀልድ የማያውቅ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነውና፣ «ድንኳኑ አንድ እግር ብቻ ያለው በመሆኑ ለሕዝብ ደኅንነት አስጊ ነው» ብሎ ጽፎ ፈቃዴን ይዞ ሄደ። ጎረቤቴም ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

4. ይህን ባልጽፈው እወድ ነበር። ሠራተኛዎ የሆነች አንዲት ሴት፣ መስኮቷ የትኛው እንደሆነ ጨርሶ ዘንግቼዋለሁ፣ ቢጠይቁኝም ደግሜ እዘነጋዋለሁ፣ አዝናልኝ የድሮውን መዝገብ አገላበጠችና የሆነውን ነገረችኝ። «ጃንጥላ ጠጋኝ» ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። በከተማው በዚህ ሙያ የተመዘገበው አባባ ብቻ ስለነበር፣ ቃሉ የቆመው በእሱ አንድ መስመር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝና፣ ለቅሶው እንኳ በቅጡ ሳይወጣልኝ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን አስገቡ ስትሉኝ ሮጬ አስገባሁ። እናንተም መስመሩን ሰረዛችሁ። አባባ ሲሄድ ሙያውም አብሮት ሄደ። በገዛ እጄ ነው ያስወጣሁት ማለት ነው! ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቀለድ አቃተኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሽቦ ሲያቃና የኖረ ሰው በአንዲት ቁልፍ ከነሥራው ምንም እንዳልነበረ ሲሆን አይቼ፣ ቀብሩ ላይ ያልመጣልኝ እንባ ያ መስኮት ሥር መጣ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ መሐረብ አቀበሉኝ፤ ተራዬን ግን አልወሰዱብኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

5. አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ያችው ሠራተኛ ግራና ቀኝ አየት አድርጋ፣ «እህቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብናስነሣቸውስ?» አለችኝ። የተሰረዘው መስመር እንዲመለስ አደረገች፤ ቀስቷን ብትነካት በዶሮ አርቢና በጃኬት ሰፊ መካከል «ጃንጥላ ጠጋኝ» ብቅ አለ። የአባባን ስም ከጎኑ ሳየው፣ ከገበያ ዘግይቶ የመጣ ይመስል፣ «ኧረ የት ቆየህ!» ብዬ ጮኼ ሰው አስደነገጥኩ። መረጥኩ፣ ተመዘገብኩ፣ ፈቃዴን ይዤ ወጣሁ። ተመልሶ ይሰረዝ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷም «እስኪ ትንሽ ይቆዩ» ብላ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

ቆየና፣ ያው፣ የእርስዎ የተከበረ ጥሪ ለአባባ ደረሰው።

«በአንድ አድራሻ ላይ አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ሁለት ሰዎች ተመዝግበው ስለተገኙ፣ ነባሩ ባለፈቃድ መታወቂያቸውን ይዘው በአካል ቀርበው ካላስረዱ የአዲሷ ተመዝጋቢ ፈቃድ ይሰረዛል» ይላል ወረቀቱ። የመንግሥት ጥሪ በቸልታ አይታይምና ይዤው አባባ ወዳለበት ሄጄ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ዝም አለ። በሕይወት ሳለም ከእናንተ ዘንድ ሲመለስ እንደዚሁ ዝም ይል ስለነበር፣ መልሱን እንቢታ ነው ብዬ ለመተርጎም ይቸግረኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህንን ነው። አባባ መምጣት ስለማይችል እርስዎ ይምጡለት፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህ ከከበደዎ፣ ሰውየው ላለመቅረቡ በቂ ምክንያት እንዳለው የሚገልጸው ወረቀት እዚያው ፋይላችሁ ውስጥ አለ፤ እሱን ይዛችሁ ነው የሰረዛችሁት። ከዚያ ወዲያ ፎርሙ ግርጌ «ከዚህ ውጭ ከሆነ ይጻፉ» የሚል አንድ ባዶ ቦታ ቢያስጨምሩ፣ ሙታንም ያርፋሉ፣ ሕያዋንም ይሠራሉ። ያን ዕለት ከኋላዬ የተሰለፉት አንድ አዛውንት የተሰበረ ሚዛን የሚያስተካክሉ ሰው ናቸው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ ተራቸው ሲደርስ «ቀጣይ!» ተባሉ። እኔስ የሚነሣ አባት ነበረኝ። እሳቸው ማንን ያስነሡ?

ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ስብሰባዎን ያርዝምልዎ፣ እኛ ጉዳያችንን እስክንጨርስ ከእርስዎ በታች ያሉትን ደግ ሰዎች አያሳጣን።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ደረጃ ሥር ያለችው ጃንጥላ ጠጋኝ
(ለጊዜው፣ የሟች አባቷ መልስ እስኪታወቅ ድረስ)

ማስታወሻ፦ አባባ ከማረፉ በፊት ሹፌርዎ አምጥቶለት የነበረው የእንጨት እጀታ ያለው ጥቁር ጃንጥላዎ ተጠግኖ አልቋል፤ ሽቦውን ያቃናው እሱ፣ ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ከእርስዎ የተማርኩት አሠራር ስለማረከኝ፣ እኔም ዕቃ የሚረከቡ ሰዎችን ሙያ ካሁን ቀደም ከመጡት ደንበኞች ለቅሜ፣ ሳልደግም፣ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ ከእናንተም ሁለት ሦስት ሙያ ተውሻለሁ። ኃላፊ የሆነ ሰው እስከ ዛሬ ወደ ደረጃው ሥር ወርዶ ስለማያውቅ «ኃላፊ» የሚል የለበትም፤ ከዝርዝሩ ውጭ መጻፍ ደግሞ ክልክል ነው። አይቸገሩ፣ ሲመጡ የሚቀርብዎትን ይመርጣሉ። እኔ ብሆን «መብራት ጠፍቷል» የሚለውን እመርጥ ነበር።