ያልለካሁት ነሐሴ

ሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1965

ሁለቱም የዝናብ አጥኚዎች መጡ፤ ዶክተር አስናቀና ፈረንጁ ባልደረባቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው። የገፈርሳ ዝናብ ቀንሷል፣ አልቀነሰም ብለው ለመከራከር ነው። የሚከራከሩበት መዝገብ የእኔ ነው። ግድቡ አጠገብ ካለው የዝናብ መለኪያ ስምንት ዓመት ጧት ጧት ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ዶክተር አስናቀ ዓመት ከዓመት እየቀነሰ ነው ባይ ናቸው። ፈረንጁ ባሕር ዛፎቹን ያሳያል። "ዛፍ አደገ፣ መለኪያ ጋረደ። ሰማይ ያው ነው" ይላል በሰባራ አማርኛው። ጃንጥላ ይዤላቸው ስቆም እግሬ ዛለ።

ማክሰኞ

ዶክተር አስናቀ መዝገቡን ገልጠው የካቻምና ነሐሴ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "ይኸው! እንዲህ የደረቀ ነሐሴ ታስታውሳለህ?"

"አላስታውስም" አልኩ።

ዋሸሁ። ያን ጊዜ በሳንባ ምች ተኝቼ ነበር። ሦስት ሳምንት አልለካሁም። ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ፣ በትኩሳት ሆኜ የጣራውን ድምፅ እየሰማሁ በግምት ሞላሁት። አሁን ከተማው ሌላ ግድብ ያስፈልገው እንደሆነ የሚወስኑት ሰዎች ሪፖርቱን ለዓርብ ይጠብቃሉ።

ረቡዕ

ወደ ቡራዩ ስወርድ ገበሬው ጎረቤቴ ኦቦ ቱፋ ሰላም አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ምስጢር ይጠብቃሉ። ነገርኳቸው።

"ካቻምና ነሐሴ? ድንቼ መሬት ውስጥ በስብሶ የቀረበት?" አሉ። "ኧረ አንተ! ማሳዬን እኮ ውሃ ውጦት ነበር!"

ደረቅ ያልኩት ወር እንዲያ ኖሯል። ማመንታቴ አበቃ።

ሐሙስ

ተናገርኩ። ዶክተር አስናቀ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስንት ቀን?"

"ሃያ አንድ።"

ፈረንጁ ፈገግ ሲል ተቆጡት፦ "ምን ያስቅሃል? ያንተም ክርክር በዚሁ መዝገብ ላይ ነው የቆመው።" ከዚያ ወሩን በቀይ እርሳስ ሰረዙት። ሌላ በግምት የሞላሁት እንዳለ ጠየቁኝ። በሚካኤል ማልኩ፤ የለም።

"ለአለቃህ መንገሬ አይቀርም" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ድካም ነበረበት።

ዓርብ

ሪፖርቱ አልሄደም፤ በምትኩ "ገና አላወቅንም" ብለው ጻፉ፤ ሁለቱም ፈረሙ። ትናንት አመሻሽ ላይ በኦቦ ቱፋ ገላጣ ማሳ አዲስ መለኪያ ተክለን ነበር። ዛሬ ጧት ከነፋስ ጋር ዘነበ፤ የማሳው ከዛፉ ሥር ካለው በለጠ። ፈረንጁ ደስ ሲለው ዶክተር አስናቀ "የአንድ ቀን ነፋስ ነው" አሉ። እንደገና በክርክር ተያያዙ።

ከአለቃዬ ወሬ የለም። ደረቴ ያፍነኛል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፣ ከእንግዲህ በየቀኑ ሁለት ቦታ መሄድ አለብኝ፤ ካላባረሩኝ። ቢሆንም ዛሬ ምሳዬን አጣጥሜ በላሁ።