በስሜ የተወሰደው ፍሪጅ

እህት ዓለም፣
ሥራ ረፍዶብኛል። ምሳሽን ምድጃው ላይ ሸፍኜልሻለሁ።

ለስፌት መኪናው የጠየቅሁትን ብድር ባንኩ ከለከለኝ። የብድር ታሪኬን አስወጥቼ ባየው፣ በስሜ ፍሪጅ በዱቤ ተወስዶ አምስት ወር አልተከፈለም ይላል። ፊርማው የኔ አይደለም። አድራሻው ግን ይሄው አብረን የተከራየነው ቤት ነው።

የባንኩን ሠራተኛ "አይታረምም ወይ?" ብዬ ለመንኩት።
"ይታረማል እህቴ፤ ግን ማን እንደፈረመ ካወቅሽ ቅጹ ላይ ትጽፊያለሽ፤ ጉዳዩ ለፖሊስ ይሄዳል" አለኝ።

ለእናትሽ የኢንሱሊን ማስቀመጫ ብለሽ ፍሪጅ የገዛሽላት ቀን አብሬሽ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ቅጹን ሞልቼ የፈራሚው ስም የሚጻፍበት ጋ ስደርስ ባዶውን ተውኩት። እስከ ዓርብ መመለስ አለበት።
ብጽፈው እናትሽን ማን ያስታምማል? ብተወውስ እኔ ምን ልሁን?

እኔ አቅቶኛል። ቅጹን ከነእስክሪብቶው ትራስሽ ላይ ትቼልሻለሁ።