የሰሙትን ሁሉ ይዘው የኖሩት የእህታችን የእታለም የሕይወት ታሪክ

እህታችን እታለም ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን፣ ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የስንቱን ልጅ ያዋለዱት እናታችን በራሳቸው ምጥ ቀን የሚረዳቸው ጠፍቶ፣ አባታችን መቀሳቸውን ቀቅለው ደረሱላቸው። አባታችን "ስንት ኮት ቆርጫለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን መቁረጥ ፈርቼ አላውቅም" ሲሉ ኖረዋል።

እታለም የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ታናሽ ወንድማቸው አፌን ስፈታ ነው። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም ተቀብሎት በዚያው ጸና። ዛሬ ለወጉ "እርሳቸው" እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ቢሰሙኝ "ምን ሆነሃል አንተ?" ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በማኅበራዊ ሥራ በዲግሪ ተመረቁ። ከልጅነታቸው ሰው ሳያቋርጡ የማዳመጥ ተሰጥኦ ነበራቸው። ጎረቤት ከባሏ ተጣልታ ወደ እናታችን ስትመጣ፣ ወሬዋን የምትጨርሰው ለእታለም ነበር።

እንደተመረቁ በሕጻናት ጥበቃ ቢሮ ተቀጠሩ። ጡረታ እስኪወጡም ሌላ መሥሪያ ቤት አላዩም። ሥራቸው በገዛ ቤታቸው የተጎዱ ልጆችን ማነጋገር ነበር። በክፍላቸው ውስጥ ዝቅ ያሉ ሁለት ወንበሮች፣ የቀለም እርሳስ የሞላበት ኩባያና አንድ ጆሮው የተገነጠለ የጨርቅ ጥንቸል ነበሩ። ለእናቱ ያልተናገረ ልጅ እዚያ ይናገር ነበር።

ከባለቤታቸው ከአናጢው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ለሠርጋቸው ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን በእጃቸው ሠርተው ነበር። አንድ ቀን እታለም ከሥራ ገብተው ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሙ። የዚያን ዕለት ያነጋገሩት ልጅ ቁም ሣጥን ውስጥ እየተቆለፈበት ያደገ ነበር።

"በሮቹን አውልቅልኝ" አሉ።

ባለቤታቸው ለምን ብለው አልጠየቁም። መፍቻ አምጥተው ማጠፊያዎቹን ፈቱ። በሳምንቱ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ በሮችም ወለቁ። እንግዳ ሲመጣ ባለቤታቸው ወደተገላለጠው ልብስ እያሳዩ "ሱቅ ከፍተናል፤ ምን ልስጥህ?" እያሉ ያሳልፉት ነበር።

ቀልዱ የማያሳልፈው ነገርም ነበር። እታለም ዕቃ እያጠቡ ድንገት ቧንቧውን ይዘጉና "ዝም በሉ እስቲ፤ የሚያለቅስ ልጅ አለ" ይሉናል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን። ምንም የለም። አንዳንድ ቀን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የሰማሁ ይመስለኝ ነበር።

ልጃቸው ጎረቤት ቤት ሄዳ ሳትጫወት አደገች። እኔ አጎቷ እንኳ ብቻዬን ይዣት ሱቅ መሄድ አይፈቀድልኝም ነበር። ኮረዳ በሆነችበት ዕድሜ አንድ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። እናቷ ቢጠሩ ውኃው እየጮኸ አልሰማችም። እታለም የባለቤታቸውን መዶሻ አንሥተው በሩን ሰበሩት። ልጅቷ ራሷ ላይ የሳሙና አረፋ እንደያዘች፣ ፎጣ ደረቷ ላይ ጨምቃ ቆማለች።

"እማዬ! ገላዬን እየታጠብኩ እኮ ነው! እኔ ከነዚያ ልጆች አንዷ አይደለሁም!"

እታለም መዶሻውን እንደያዙ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። "አውቃለሁ" አሉ። "ማወቁንስ አውቃለሁ።"

በዚያው ሰሞን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። መጀመሪያ ተከራክረው ነበር። "ዶክተር፣ እኔን እኮ ማንም መትቶኝ አያውቅም። የተመቱት እነሱ ናቸው። ምን ሆንኩ ብዬ ነው የምታከመው?"

ሐኪሟ "ሰምተዋላ" አሏቸው። "መስማትም ይጎዳል።"

ፈቃድ ወስደው አረፉ። ሲመለሱ ባለሙያዎች በየሳምንቱ ተቀምጠው የከበዳቸውን የሚነጋገሩበት ክፍል እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ኃላፊያቸው "ይሄ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም" አሏቸው።

"ለቅሶ ቤት ቢሆንማ በምን ዕድላችን" አሉ እታለም። "ለቅሶ ቤት ሰው ብቻውን አይተውም።"

ክፍሉ ተፈቀደ። ከጊዜ በኋላ ኃላፊው ራሳቸው አንድ ቀን ገብተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ አልቅሰው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው እንዲቀር የጠየቀ የለም። እታለም አዲስ ተቀጣሪዎችን "ምሳችሁን ፋይል ላይ አትብሉ፤ ፈቃዳችሁን ውሰዱ፤ ወደ ቤት ስትሄዱ ትንሽ በእግራችሁ ሂዱ፣ የሰማችሁት መንገድ ላይ ይራገፍላችሁ" ይሏቸው ነበር። ልጃቸውንም ጓደኞቿ ቤት እንድታድር ፈቀዱላት። እሷ እስክትመለስ እሳቸው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ እንጂ አልከለከሏትም።

ፈጽሞ ድነው ነበር ብዬ መዋሸት አልፈልግም። በጉበት ሕመም ተይዘው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እኛ የማናውቃቸውን ልጆች በስም መጥራት ጀመሩ። አንዱን ይጠሩና መልስ ይጠብቃሉ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ "አለ እማዬ፤ ደህና ነው። አድጓል" ትላቸዋለች። ይረጋጉና ሌላ ይጠራሉ። ልጆቹ የት እንዳሉ፣ መኖራቸውንም ቢሆን፣ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ግን አንዱንም ሳትመልስ አላለፈችም።

በመጨረሻው ቀን የጠሩት የራሷን የልጃቸውን ስም ነበር። ያን ጊዜ የምታውቀውን መለሰች፦ "አለሁ እማዬ። ደህና ነኝ።"

እታለም ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ወንድማቸው ቀርተናል።

ሌሎችም ቀርታችኋል። በዚያች ዝቅ ባለች ወንበር ተቀምጣችሁ የነበራችሁ ዛሬ ከመካከላችን ካላችሁ፣ ቅረቡና ከቤተሰቡ ጋር ቁሙ። ከየት አወቃችኋቸው ብሎ የሚጠይቃችሁ አይኖርም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን የልጅ ለቅሶ በማይሰማበት ስፍራ ያኑርልን። ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።