የሳሎናችን ጉድጓዶች

ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
ነሐሴ 1975 ዓ.ም.

ውድ ቱሪያ፣

ለአረፋ እንደምትመጪ ዳሃቦ ነገረችኝ። ከጅቡቲ ለንግድ ያመጣችውን ጨርቅ እንኳ ሳትፈታ፣ ከባቡር እንደወረደች ነው እኛ ቤት የሮጠችው። «ቱሪያ እልፊን ሳላይ አልመለስም ብላለች አቦ!» አለችኝ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ያ የድሮው ቅናት እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

እልፍነሽን እልፊ ያልሻት አንቺ ነሽ። አባቷ እንኳ ከግንባር ሲመለስ በዚያው ስም ነው የጠራት። እኔ ያወጣሁላት ስም ለትምህርት ቤት ብቻ ቀርቷል።

ቀበሌው ይህን ቤት ለሁለታችን ሲያካፍለን ሳሎኑ የጋራችን ሆነ። የኔው ገብረወልድ ዘምቶ፣ ያንቺ በሺር ጅቡቲ ቀርቶ፣ እኔ ፋብሪካ ስውል ልጄን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። ውለታሽን አልክድም። ግን ያን ቀን ታስታውሻለሽ? ከሥራ ወጥቼ፣ ፀሐዩ አናቴን በስቶኝ፣ በሩን ከፍቼ ገና አንድ እግሬን ሳስገባ ልጄ ጮኸች።

«እማዬ ገባሽ! ገባሽ!»

«ምን ውስጥ?»

«ጉድጓድ ውስጥ!»

አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ በሳቅ ሞትሽ። «አይታይሽም እንዴ አሰገደች? ጉድጓድ በጉድጓድ እኮ ነው አቦ! ጠርዝ ጠርዙን ይዘሽ ነይ።»

ወለሉን አየሁ። ያው ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ሰያፍ ጡቦች እየተጋጠሙ ዓይን የሚያታልሉበት ንጣፍ ነው፤ የድሮው ባለቤት ያስነጠፈው። ለኔ ተደርድረው የቆሙ ሳጥኖች ናቸው። ሳጥን ነው አልኳችሁ። እልፊ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወለሉን አየችና ወደ አንቺ ዞራ፣ «እማዬ አታይም» አለችሽ። ለአንቺ! እኔ እዚያው ቆሜ!

የቀበሌው ጸሐፊ ኪራይ ሊጠይቅ መጥቶ «ይሄማ ደረጃ ነው» ብሎን ነበር። ደረጃ ይሁንለት፣ ምን ገዶኝ። የኔ ልጅ ግን ከኔ ዓይን ወጥታ ባንቺ ዓይን ማየቷን አልቻልኩትም። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እናንተም ክፍልሽ ውስጥ ተቃቅፋችሁ ስትተኙ፣ እኔ ሳሎኑ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እሞክር ነበር። ሳጥን። ከበሩ ሆኜ፣ ከመስኮቱ ሆኜ፣ አንገቴን አዙሬ፣ አሁንም ሳጥን።

በመጨረሻ ሰሌን ገዝቼ አለበስኩት። «ልጅቷን ወለሉ እንዳይበርዳት ነው» አልኩሽ፣ በድሬ ሙቀት! አንቺም ሳቅሽብኝ። እሷ ግን ሰሌኑ ላይ ቆማ፣ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ በልቧ ይዛው፣ እየዘለለች ታልፍ ነበር። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የዛሬ አምስት ዓመት፣ በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረው ባቡር እንደገና መሄድ ሲጀምር በሺር አስጠራሽ። ጣቢያው ላይ እልፊ ቀሚስሽን ይዛ አልለቅም ስትል ጣቶቿን ያላቀቅኳት እኔ ነኝ። አለቅስ ነበር፣ አይተሽኛል። በሆዴ ግን ተገላገልኩ እል ነበር። አራት ዓመቷ ነበር፤ ልጅ ይረሳል ብዬ ተጽናናሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰሌኑ አርጅቶ አነሳሁት። ልጅሽ፣ ልጄ ማለቴ ነው፣ ወለሉን እንዳየች ደብተሯን ጥላ በጠርዙ ላይ ዘለለች። «ጉድጓዶቼ!» አለች።

«ማን እንዳሳየሽ ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ! ከፋብሪካ ስትመጪ አብረን እንዘል አልነበር?»

«አይ፣ ቱሪያ ናት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም እስክስታ ልመታ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አብረን እንዘላለን። «እማዬ፣ ያኛው ይጠልቃል!» ስትለኝ «አዎ፣ ተጠንቀቂ» እላታለሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚታየኝ ሳጥን ነው። እንዳታውቅብኝ እሷ የዘለለችበትን እያየሁ እዘላለሁ።

እንግዲህ ነይ። እኛው ጋ እረፊ። እልፊ እያልሽ ጥሪያት፣ እስክትጠግቢ ሳሚያት፣ ከፈለግሽ አቅፈሻት ተኚ። ወለሉን ስታዪ ግን አፍሽን ያዢልኝ። «እማዬ ናት ያሳየችኝ» ስትልሽ «እውነትሽን ነው» በያት። ሌላውን ሁሉ ተካፍለናል፤ ይህን አላካፍልሽም።

ደግሞ በመጣሽ በማግስቱ እልፊን ሱቅ እልካታለሁ። ያኔ በሩን ዘግተን አጠገቤ ወለሉ ላይ ጋደም በይና፣ እሷ ሳትመለስ ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደሆነ አሳይኝ።

እስካሁን የምትቀናብሽ፣
አሰገደች