ጥጥዬ ባንቺ ካርድ ተከተበች

ልጄ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ደህና ነው።

ትተሽልኝ የሄድሽው ጥንቸል፣ ጥጥዬ፣ ባለፈው ሳምንት ተከተበች። የእንስሳት ሐኪሟ ካርድ አላት ወይ ስትለኝ ያንቺን የሕፃንነት የክትባት ካርድ ሰጠኋት። ጀርባው ባዶ ነበራ፤ ለምን ይባክናል ብዬ የጥጥዬን ክብደት እዚያ ላይ ስጽፍ ነው የከረምኩት። ሐኪሟ ፊቱን አንብባ «እናቴ፣ ይቺ ጥንቸል የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች እንዴ?» አለችኝ። አባትሽ ከዚያ ወዲህ ኩፍኝ ነው የሚላት።

አበላሏንም በየቀኑ ጻፊ ስትለኝ፣ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት። ለካ ጥንቸል ሲያማት ዋጥ ታደርገዋለች፤ የሚታወቅባት መብላት ስትተው ብቻ ነው። እኔ እኮ ዝም ስትል ደልቷት ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት የተረፈውን ሣር አያለሁ፣ በጠጧን ሳይቀር እመረምራለሁ፤ አባትሽ ይስቅብኛል።

አንቺም በስልክ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የምትዪኝ። እስቲ ምን እንደምትበዪ ጻፊልኝ። አምላክ ከነጤናሽ ያገናኘን። ካርዱ ላይ ባንቺ በኩል ገና ቦታ አለ።

እናትሽ