ሐዘናችንን አንድ ለአምስት ላደራጁልን ኃላፊ

ሰኔ 2007 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ዳኜ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤
በሩን ከውስጥ በቆለፉበት ቤትዎ

ክቡር ሆይ፣ የጓሳ ውርጭ አይንካዎ፣ እንቅልፍ አይንሳዎ፣ ከሰው ፊት የሚያስሸሽ ነገርም አይግጠምዎ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን ከእግርዎ ሥር አነጥፋለሁ።

አንባቢዎቼ እንዳይደናገሩ ነገሩን ከሥሩ ላውጋቸው። አምና ለመንዙ ጤና ጣቢያችን አንድ ኮምፒውተር መጣ። ድብርት የያዘው ሰው ለብቻው ተቀምጦ የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ይጽፋል፣ ሐሳቡን የሚደግፍና የሚቃወም ማስረጃ ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ያለች ሐኪም በኢንተርኔት አንብባ ትመልስለታለች። አክስቴ አማከለች ባሏ ወዳጆ ከሞተ ወዲህ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ነበርና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በቆጠረችው ፊደል ቀስ እያለች መጻፍ ጀመረች። ሐኪሟ ድሮ የምትወደውን ትንሽ ሥራ በየቀኑ እንድትሞክር መከረቻት። አክስቴም ከግድግዳው ላይ እንዝርቷን አወረደች፤ የበግ ፀጉር መፍተል ያዘች።

ያኔ ነው እርስዎ የደረሱላት።

አንደኛ፣ ሕዝቡ ለማዳበሪያውም ለእርከኑም አንድ ለአምስት ሲደራጅ፣ ድብርት ብቻውን ሳይደራጅ መቅረቱ አስተዋይ ዓይንዎን ስላላመለጠው አመሰግናለሁ። አምስት ሐዘንተኞችን በአንድ የይለፍ ቃል፣ በአንድ አግዳሚ ስላስቀመጡልን፣ ወሬ ከገበያተኛ ቀድማ የምታደርሰውን ትርሲትንም መሪ አድርገው ስለሾሙልን እጅዎ ይባረክ።

ሁለተኛ፣ አክስቴ ለሐኪሟ ብቻ ብላ «ባሌ ሲሞት እፎይ አልኩ፤ ክፉ ሰው ነኝ» ብላ የጻፈችውን ትርሲት ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነበው፣ እርስዎ በራፉ ላይ ቆመው ጥርስዎን እየፋቁ «ጎሽ፣ ተሳትፎ ማለት ይሄ ነው» ስላሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዓመታት አልጋ ላይ የወደቀ ባሏን ስታገላብጥና ስታጥብ ለኖረች ሴት እፎይታ ኃጢአት እንዳልሆነ ሐኪሟ ገና መልስ ሳትጽፍ፣ ወሬው ሞላሌ ገበያ ገብቶ ነበር። በሙት ዓመቱ ተዝካር ላይ የባሏ ዘመዶች «የእፎይታ ጠላ አንጠጣም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። እንዝርቷ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፣ እሷም ወደ አልጋዋ። የንስሐ አባቷ መምሬ አትናቴዎስ እስከ መቃብር የሚሸከሙትን ምስጢር እርስዎ በአንድ ጠዋት አራገፉልን።

ሦስተኛ፣ በሪፖርትዎ አምስቱም መቶ በመቶ ድነዋል ስላሉ፣ ሳንሰማ ስለዳንን እናመሰግናለን።

አራተኛውን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው፤ ይቅር ይበሉኝ። በዓመቱ ግምገማ ላይ «ሞዴል ታካሚ» ሆና እንድትመሰክርልዎ ሰው ልከው አክስቴን ከአልጋዋ አስነሡልን፤ በኛ ምክር አልነሣም ያለችውን! ነጠላዋን አደግድጋ ቆመችና፣ ከኮምፒውተሩ የተማረችውን ሥርዓት ሳታዛንፍ «ሐሳቤ፦ አቶ ዳኜ ምስጢር ጠባቂ ናቸው» አለች። እርስዎም ፈገግ አሉ። «የሚደግፈው ማስረጃ...» ብላ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ «እስኪ አግዙኝ ጎበዝ፣ እኔስ አጣሁ» አለች። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ተያየ። «የሚቃወመው ማስረጃ፦ እዚህ የተቀመጣችሁት በሙሉ።»

ያኔ የፈነዳው ሳቅ ጣሪያውን ሊገነጥለው ነበር። እርስዎ ውኃ ልጠጣ ብለው እንደወጡ ቀሩ። የባሏ እኅት ወሰኔ ግን ቀርባ እጇን ያዘቻትና «እኔስ ወንድሜ ሲያርፍ እፎይ አላልኩም? አፌን ዘግቼ ነው እንጂ። በይ ጠላሽን ጥመቂልኝ» አለቻት። ይኸው እንዝርቱም ዳግመኛ ወርዷል።

ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎ ከቤት እንደማይወጡ፣ እህል እንደማይቀምሱ፣ ሰላምታም እንደማይመልሱ ጎረቤቶችዎ አጫወቱኝ። እኔም ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ጉዳዩን ለመላው የመጽሔታችን አንባቢ አካፈልኩ።

ምስጢርዎን በታላቅ አክብሮትና ከመላው አንባቢዎቿ ጋር የምትጠብቅልዎ፣
የአማከለች የእኅት ልጅ፣
የምሥራች

ማሳሰቢያ፦ የያዘዎ ድብርት ከሆነ አይስጉ፤ ኮምፒውተሩ ዛሬም ይሠራል፣ በአግዳሚው ላይም ቦታ ተይዞልዎታል። ትርሲት ሐሳብዎን በስምዎ ልትጽፍልዎ፣ በገበያ ቀንም ድምጿን ከፍ አድርጋ ልታነብልዎ ያለ አንዳች ማንገራገር ተስማምታለች።